ይመኙሻልና የዳይኖሰሩ ሆድ

ወይዘሮ ይመኙሻል በትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። እሷ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ስትራመድ ተረከዟን ጠበቅ አድርጋ የምትረግጥ ሴት ናት። ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ እንደምትኖር ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ውጪ የምናውቀው አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለማወቅም የሞከረ የለም። ጠዋት ጠዋት የቤተ ሙከራውን በር ሁለቴ ታንኳኳለች፣ "ልጥረግ?" ትላለች፣ እኔም ከደብተር እርማቴ ቀና ሳልል "ጥረጊ" እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ የዞኑ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጀው የእኛ ትምህርት ቤት ነው ተባለ። ሌሎቹ መምህራን የውሃ መሳቢያና የፀሐይ ምድጃ ሲያስቡ እኔ ዳይኖሰር ልሠራ ተነሣሁ። ተማሪዎቼ ስለ ዳይኖሰር የሚያውቁት በስልክ ያዩትን ነው፤ እሱም የሚያገሳውን፣ ሥጋ በሉን ብቻ ነው። እኔ የመረጥኩት አንኪሎሰር የሚባለውን ነበር። ስድስት ሰባት ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱ ከዝሆን አይተናነስም፣ ቁመቱ ግን ከሰው ቁመት አይበልጥም። ከራሱ እስከ ጅራቱ የአጥንት ጥሩር ለብሷል። የጅራቱ መጨረሻ አጥንቶች እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው እንደ ቆመጥ እጀታ ድርቅ ያሉ ናቸው፤ ጫፉ ላይ የአንድ ትልቅ ድንጋይ ያህል የአጥንት ጉብታ አለ። በዚያ ከመታ የጠላቱን ቅልጥም ይሰብራል። እንዲህ ታጥቆ ሲያበቃ ሥራው ጎንበስ ብሎ ቅጠል ሲለቅም መዋል ነው። ይህ ነገሩ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ ይለኛል።

ርዝመቱን ሦስት ሜትር ተኩል ላደርገው ወሰንኩ። ከተማሪዎች ጋር ሆነን ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ለቃቀምን፤ አንድ በያጅ የጀርባ አጥንቱንና እግሮቹን በየደልን። የጎን አጥንቶቹን ራሴ በቀጭን ብረት አጠፍኳቸው። መነሻዬ ከድሮ መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት ሥዕል ነው፤ እንስሳው ከጎን ሆኖ ነው የተሣለው። ከጎን የተሣለ ነገር ስፋቱን አይናገርም። እኔም አላሰብኩበትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፒንሳ ይዤ ከብረቱ ሥር ተጋድሜ ሳለሁ ወይዘሮ ይመኙሻል መወልወያዋን ይዛ ገባች። እንደ ወትሮዋ አላለፈችም። ቆማ ዞር ዞር እያለች አየችው።

"መምህር፣ ይሄ እንስሳ ምን ይበላል?"

"ቅጠል።"

"ቅጠል ብቻ?"

"ቅጠል ብቻ። ሥጋ አይነካም።"

ጎንበስ ብላ የጎን አጥንቶቹን አየች። ከዚያ "ታዲያ የት ያስቀምጠዋል?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የበላውን።"

ደስ አላለኝም። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ሥራ ነው። ከተጋደምኩበት ሳልነሣ "ሆዱ ውስጥ ነዋ!" አልኳት። እሷ ግን መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መጣችና እጇን በጎን አጥንቶቹ መሐል አስገባች። ከወዲያ ማዶ ያለውን ብረት ያለ ችግር ነካችው።

"ይሄ የውሻ ሆድ ነው" አለች። "ሥጋ የሚበላ ሆዱ እንዲህ ቢጠብ አይጎዳውም፣ ምግቡ ቶሎ ያልቅለታል። ቅጠል የሚበላ ግን ጋን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ያመሰኳል?"

"አያመሰኳም።"

"ጥርሱስ እንዴት ነው?"

"ትንንሽ ነው። ለመቁረጥ እንጂ ለማድቀቅ ብዙም አይሆንም።"

"እንግዲያው ባሰበት" አለች፣ ለታመመ ሰው እንደሚታዘን ዓይነት። "አፉ ካላደቀቀለት፣ መልሶ ካላመሰኳ፣ ሥራው ሁሉ የሆድ ነው። ቅጠሉ እዚያ ብዙ ቀን ተቀምጦ መብላላት አለበት። የአንዲት ላም ጨጓራ እንኳ ግማሽ በርሜል ይይዛል። ይሄ ደግሞ ዝሆን ያህላል አላሉም ለተማሪዎቹ? በዚህ ሆዱ በሳምንቱ በረሃብ ይሞትብዎታል።"

ተነሥቼ ቆምኩ። "ይሄን እንዴት አወቅሽ?" አልኳት።

"ከብት ነበረን" አለችና መወልወያዋን አንሥታ ወጣች። ወለሉን እንኳ ሳትወለውል።

በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የአንኪሎሰርን አጽም ከላይ ሆኖ የሚያሳይ ሥዕል ፈለግኩ። አገኘሁት። የጎን አጥንቶቹ ከጀርባው ተነሥተው መጀመሪያ ወደ ውጪ ይዘረጋሉ፣ ከዚያ ነው ወደ ታች የሚታጠፉት። ዳሌው ከርዝመቱ ጋር ሲነጻጸር ጉድ የሚያሰኝ ስፋት አለው። ከላይ ሲያዩት ተጋድሞ የተቀመጠ ጋን ይመስላል። ተመራማሪዎቹም የሚሉት እሷ ያለችውን ነው፤ ያ ሁሉ ስፋት ቅጠል የሚብላላበት አንጀት ማስቀመጫ ነው። የባዮሎጂ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ። ወንበሬ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ጠዋት በሩ ሁለቴ ሲንኳኳ ተነሥቼ ከፈትኩ። "እትዬ ይመኙሻል፣ ትክክል ነበሩ። ሆዱን አብረን እንድንሠራው ፈልጌ ነበር" አልኳት።

መጥረጊያዋን እንደያዘች አየችኝ። "አንቱ አሉኝ?" አለች። ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ርእሰ መምህራችን አቶ ወልደኪዳን ነገሩን ሲሰሙ አልወደዱትም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓት ይወዳሉ። "የተቀጠረችው ለጽዳት ነው፣ መምህር። ነገ ሌላው መምህር ደግሞ ሌላ ሥራ ቢያዛት ምን እላለሁ?" አሉኝ። በመጨረሻ በምሳ ሰዓትና ከሥራ በኋላ ከሆነ አልከለክልም አሉ። እሷም በዚያው ተስማማች። እንጀራዋን በላስቲክ ጠቅልላ ታመጣለች፤ ቶሎ ጎርሳ፣ እጇን ታጥባ ትመጣለች።

የጎን አጥንቶቹን በሙሉ ፈታን። አዲሶቹን እሷ ናት በጉልበቷ ላይ እያስደገፈች ያጠፈቻቸው። አንዱን አጥፋ ከአጠገቡ ካለው ጋር ታስተያያለች፣ ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ትዳብሰዋለች፣ ካልጣማት ታቃናውና እንደገና ትጀምራለች። አልፎ አልፎ ለራሷ የምትናገር ትመስላለች፤ ሳዳምጣት የምትጠራው የአጥንትና የጡንቻ ስም ነው፣ ያውም ሳይንሱ የሚለውን ስም። ከብት ያረባ ሰው ይህን ሁሉ እንደማያውቅ ገባኝ። ግን አልጠየቅኳትም። የምትናገረው ሲኖር ትናገራለች ብዬ ተውኩት።

ጥሩሩ ላይ ደግሞ ሌላ ስሕተት ሠርቼ ነበር። የአጥንት ሰሌዳዎቹን ከእንቁላል ካርቶንና ከጄሶ ሠርተን በሽቦ ከጎን አጥንቶቹ ጋር ማሰር ጀመርኩ። እሷ ሁለቱን አሳሰረችኝና ሦስተኛው ላይ እጄን ያዘች።

"ከአጥንቱ ጋር ካሰሩት እንዴት ይተነፍሳል?"

"እንዴት ማለት?"

"ሲተነፍስ ጎኑ ይነፋል። ሲጠግብም ይነፋል። ጥሩሩ ከአጥንቱ ጋር ከተቆለፈ እንስሳው ታፈነ ማለት ነው። ቆዳው ላይ ነው መሆን ያለበት፣ ከቆዳው ጋር ከፍ ዝቅ እንዲል።"

ይህንንም አየሁ። ልክ ነበረች። እነዚያ ሰሌዳዎች የሚበቅሉት በቆዳው ውስጥ ነው፤ ከራስ ቅሉ በስተቀር ከአጽሙ ጋር አይጣበቁም። ስለዚህ ከቤቴ ሁለት ያረጁ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብሶች አመጣሁ። አንዱን በሌላው ላይ ደረብንና ሰሌዳዎቹን በመሐላቸው አድርገን ዙሪያቸውን ሰፋናቸው። በወስፌ የምትወጋው እሷ ናት፣ ክሩን የምስበው እኔ። ትልልቆቹን በመስመር ጀርባው ላይ፣ ትንንሾቹን እንደ ጠጠር በየመሐሉ። አንገቱ ላይ ሁለት ቀለበት፣ የዓይኑ ቆብ ላይ ሳይቀር ትንሽ አጥንት። ሆዱን ግን ባዶውን ተውነው፤ ከሥር ጥሩር የለውም።

አፍንጫው ውስጥ ያለው የአየር መንገድ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ረጅም መሆኑን ስነግራት በጣም ገረማት። የሚስበው አየር በዚያ ሁሉ ጥምዝ ሲያልፍ ይሞቃል፣ የሚያስወጣው ደግሞ ሙቀቱንና እርጥበቱን እዚያው ትቶ ይወጣል አልኳት። የዚያን ሰሞን ውርጭ ነበር፤ ጣቶቿ ወስፌውን መያዝ አቅቷቸው ትንፋሽ ትሰጣቸዋለች። "ለደብረ ብርሃን የተፈጠረ ነው በሉኛ" አለች።

አንድ ቅዳሜ ቆዳውን እየሰፋን ሳለ የዚህ እንስሳ ዘመድ የሆነውን፣ ጅራቱ ላይ ቆመጥ የሌለውን፣ ካናዳ ውስጥ ማዕድን ቆፋሪዎች ያገኙትን ነገርኳት። ከሞተ መቶ አሥር ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ወንዝ ወደ ባሕር ወስዶት፣ በጀርባው ተገልብጦ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ ቆዳው ከነሰሌዳው ድንጋይ ሆኗል። የሚደንቀው ግን ሆዱ ውስጥ የመጨረሻ ምግቡ አለ።

ወስፌዋን አቆመች። "ምን በልቶ ነበር?"

"ፈርን የሚሉት፣ አበባ የሌለው ቅጠል ነው የሚበዛው። ቅጠሉን የሚፈጭበት ጠጠርም ነበረበት። ከፈርኑ ጋር ደግሞ ከሰል አገኙ።"

"ከሰል?"

"አካባቢው ተቃጥሎ ነበር ይላሉ። ከቃጠሎው በኋላ የበቀለውን ለጋ ሲበላ ነው የሞተው።"

"ልክ ነዋ" አለች ቀስ ብላ። "ከብትም እንዲያ ነው። የተቃጠለ መሬት ላይ የሚወጣው ለጋ ይጣፍጠዋል። አፉን አጥቁሮ ነው ማታ የሚመለሰው።" ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ አስተካከለች። "የእኛም ሰፈር ተቃጥሏል። አሁን ሣሩ ስንት ደርሶ ይሆን?"

ከዚያ ነገረችኝ። እንደምታወራኝ ሳይሆን እንደምትቆጥር ዓይነት፣ ቀና ሳትል፣ ስፌቷን ሳታቋርጥ።

ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ወደ ወለጋ የተወሰዱ ሠፋሪዎች ናቸው። እሷ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እዚያው አደገች፣ ተማረች፣ በግብርና ኮሌጅ በእንስሳት ጤና ሠለጠነች። አሥራ አራት ዓመት በወረዳው ውስጥ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረች አባ ሰንጋና አባ ጎርባ የሚባሉትን የከብት በሽታዎች ስትከትብ፣ የተነፋ ከብት ስታስተነፍስ፣ የተጋደመ ጥጃ ስታዋልድ ኖራለች። አማርኛ የሚናገረውም ኦሮምኛ የሚናገረውም ገበሬ "ዶክተር" ነበር የሚላት። ባሏ ጌጡ ገበሬ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም።

"ሰፈሩ የተቃጠለ ቀን ክትባት ወጥቼ ነበር" አለች። "ስመለስ ቤቱ የለም። ጌጡን በረቱ በር ላይ አገኘሁት። ከብቶቹን ሊፈታ ሲሄድ ነው። ፈትቷቸውም ነበር፣ ገመዱ እጁ ላይ ነው። እዚያው ቀበርኩት። አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ፣ ላሙን ያከምኩለት፣ ጎተራው ሥር ሁለት ቀን ደበቀኝና በጫካ መንገድ ሸኘኝ። የክትባት ሣጥኑን እንደተሸከምኩ ነው የወጣሁት። መቶ ክትባት ፈርሜ ወስጄ ነበር። በረዶው በሁለተኛው ቀን ቀለጠ፣ ክትባቱ ተበላሸ። ግን አልጣልኩትም። የመንግሥት ነው ብዬ። ልብስ የለኝም፣ ሣጥኑ አለኝ።"

"የት አደረሱት?"

"እዚህ አንድ ቢሮ ወሰድኩት። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ይሄን ላስረክብ፣ ሥራም ካለ ልሥራ አልኩ። ማስረጃ አሉኝ። ተቃጠለ አልኩ። ተፈናቃይ ሁሉ ተቃጠለ ነው የሚለው አለና አንዱ ሳቀ። ጓደኞቹም ሳቁ። ሣጥኑንም የምንረከብበት ቅጽ የለም አሉኝ።" ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም። እንዴት አወቅሽ ሲሉኝ ከብት ነበረን እላለሁ። እሱም ውሸት አይደለም።"

አዲስ ክር አስገብቼ ወስፌውን መለስኩላት። ያን ቀን ግራ ጎኑን ጨረስን።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገር። ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ከእንስሳው ፊት የሚቆመውን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። የእንስሳውን ስም፣ የኖረበትን ዘመን፣ የሚበላውን ጻፍኩ። ከሥር "ያዘጋጀው፦ መምህር ሠረቀብርሃን ኃይለ ገብርኤልና የባዮሎጂ ክበብ ተማሪዎች" አልኩ። ስጽፍ የእሷ ስም ትዝ ብሎኛል። ምን ብዬ እንደምጽፋት ግራ ገባኝ፤ ዳኞቹ የጽዳት ሠራተኛ ሲያዩ ምን ይላሉ ብዬም አሰብኩ። ኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ አተምኩት። ኋላ የሚባለው አልመጣም።

የኤግዚቢሽኑ ቀን አዳራሹ ሞላ። ሕፃናቱ ጅራቱን ለመንካት ተጋፉ፤ ከጣርማ በር ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ቆዳውን እየዳበሱ የማን ብርድ ልብስ እንደሆነ ተከራከሩ። ከዳኞቹ አንዷ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። ዙሪያውን ሁለቴ ዞራ "ይሄን እንስሳ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያቀጥነዋል። አንተ ሆዱን እንዲህ ያሰፋኸው በምን ተነሥተህ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ቅጠል የሚበላ እንስሳ ጋን ተሸክሞ ነው የሚሄደው" አልኩ።

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። እሷም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ቀና ስል ወይዘሮ ይመኙሻል ሰማያዊ ጋውኗን ለብሳ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ በሩ ላይ ቆማለች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጎበዝ ተማሪው መልሱን በትክክል እንደመለሰለት አስተማሪ ፈገግ ብላለች። ከዚያ አንድ ልጅ የጣለውን የብስኩት ላስቲክ ለማንሣት ጎንበስ አለች።

ሁለተኛ ወጣን። የምስክር ወረቀቱን በስሜ ሰጡኝ። ስቀበል አቶ ወልደኪዳን አቀፉኝ፤ እኔ ግን ዓይኔ በሩን ይፈልጋል። አልነበረችም።

ሰኞ ጠዋት በሩ ሁለቴ ተንኳኳ። "ልጥረግ?" አለች፣ እንደ ድሮዋ።

"እትዬ ይመኙሻል፣ ስምዎን መጻፍ ነበረብኝ። በድያለሁ" አልኩ።

"ምን ብለው ሊጽፉ? የጽዳት ሠራተኛ ብለው? ሰው ይስቅብዎታል።"

"የእንስሳት ጤና ባለሙያ ብዬ።"

መጥረጊያውን ወለሉ ላይ አሳረፈችና አየችኝ። "እሱን እርስዎ ሊሉት አይችሉም" አለች። "ወረቀቱ ነው የሚለው።"

"ወረቀቱን እንፈልገዋ።"

"የት?"

"የተማሩበት ኮሌጅ አልተቃጠለም አይደል?"

ቤተ ሙከራውን ጠርጋ ጨረሰች፣ ቆሻሻውን አፈሰች፣ ከበሩ ስትደርስ ዞር ብላ የመታወቂያ ቁጥሯን በቃሏ ነገረችኝ። ከሃያ ዓመት በፊት የተሰጣትን የተማሪነት ቁጥር። ይዛው ነው የኖረችው።

መጀመሪያ ለዚያች ለዳኛዋ መምህርት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሆዱም ቆዳውም የሌላ ሰው እውቀት መሆኑን አስረዳሁ። እሷም ጨዋ ሰው ነበረች፣ የምስክር ወረቀቱ በሁለት ስም ተስተካክሎ መጣ። ኮሌጁ ግን ቀላል አልሆነም። መንገዱ አስተማማኝ ስላልሆነ መሄድ አይታሰብም። ስልኩ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ሳምንት ይጠፋል። በመጨረሻ ወገኔ የሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አገኘሁ። ድምፁ የደከመ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። "የዚያ ዓመት መዝገብ ኮምፒውተር ላይ የለም። መጋዘን ውስጥ ነው፣ መጋዘኑን አይጥ ወርሶታል። ግን እፈልጋለሁ" አለኝ። አንዳንዴ ስደውል "እስከ ሁለተኛው መደርደሪያ ደርሻለሁ" ይለኛል። እንዲህ ሰባት ወር ሆነ። ይመኙሻል አንድም ቀን ምን ደረሰ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔ ስነግራት ራሷን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ግንቦት ውስጥ ወገኔ ራሱ ደወለልኝ። "ይመኙሻል የምትባለው፣ በሥጋ ምርመራ ከክፍሏ አንደኛ የወጣችው ናት?" አለ።

ማኅተም ያለበት ግልባጭ በፖስታ ሲመጣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ከዚያ ተቀመጠች፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ውጤቶቿን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች። አንዱ ላይ ስትደርስ "ይሄኛው ተሳስቷል፣ እኔ ከዚህ በላይ ነበር ያመጣሁት" አለችና አለቀሰች። እኔ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ሰው እንዳይገባ።

አንኮበር ወረዳ ለዓመት ባዶ የቆየ የእንስሳት ጤና ሥራ ነበር። ገደሉንና ብርዱን ሰው ስለሚሸሸው አመልካች አልነበረም። በሐምሌ ተቀጠረች። አቶ ወልደኪዳን የመሸኛ ደብዳቤዋን ሲፈርሙ "ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪን ኖሮ" አሏት። "ቢሮዎ ስገባ ጠረግሁ እንጂ መች ተጠየቅሁ፣ ጋሼ" አለቻቸው። በቅሬታ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ብዕሩን ይዘው ትንሽ ቆዩ።

ዳይኖሰሩ ከመጋዘኑ ጎን ባለው ዳስ ሥር ቀረ። ክረምቱ ብርድ ልብሱን አሻገተው፣ የጅራቱን ጉብታ ልጆች ሰበሩት። የብረት ሆዱ ግን ዛሬም ደህና ነው።

በመስከረም መጨረሻ አባቴን ልጠይቅ አንኮበር ወረዳ ወዳለችው ጎረቤላ ወረድኩ። አባቴ ቄስ ኃይለ ገብርኤል ከከተማዋ ትንሽ ራቅ ብሎ ባለ አጥቢያ ሲያገለግሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የእኔን ዳይኖሰር ነገር ብዙም አይወዱትም ነበር፤ "ማንም ላላየው አውሬ ይሄን ያህል መድከም" ይሉኛል። ስደርስ ግቢው ውስጥ የጎረቤት በጎች ተሰብስበው፣ ይመኙሻል እጅጌዋን ሰብስባ የበግ ፈንጣጣ ትከትባለች። መርፌውን ሰክታ ስትነቅል እጇን ለማየት አይመችም፣ እንዲያ ትፈጥናለች። አባቴ ነጠላቸውን አደግድገው በጎቹን ይይዙላታል።

"ልጅዎ ነው ያመጣኝ ትላለች" አሉኝ አባቴ። "ስለዚያ አውሬ ስትነግረኝ ነበር። አንተ ነግረኸኝ አልገባኝም ነበር።"

"ምን አለችዎ?"

"ሣር በሊታ ነው አለችኝ። እንደ በግ።" ወደ እሷ ዞሩ። "ልጄ፣ ያ ጥሩር ከሆዱ በታችም አለው?"

"የለውም፣ አባቴ። ከሥር ባዶ ነው።"

"ታዲያ ሲመጡበት እንዴት ያደርጋል?"

"ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ይተኛል ብለው ይገምታሉ። መገልበጡ ነው የሚከብደው፣ ሰፊ ስለሆነ።" መርፌዋን እየሞላች ነበር። "የቀረውን በጅራቱ።"

አባቴ ይህን ለአፍታ አሰቡበት። ብዙ ዓመት የኖሩበትን ገደል እያዩ፣ ከታች ከቆላው የሚወጣውን ጉም እያዩ። "እሱንም የሚያኖረው አላጣም ነበር ማለት ነው" አሉ። ከዚያ አንዲት ጥቁር እናት በግ ከመንጋው ጎትተው አመጡ። "ይቺ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልበላም ብላለች፣ እስቲ እያት።"

ይመኙሻል ተንበርክካ ጆሮዋን ጨጓራው ባለበት በበጓ ግራ ጎን ላይ አደረገች። በእጇ ዝም እንድንል ጠቆመችን። ሁላችንም ዝም አልን።